የዓርቡ ካቪያር

«እኅቴ፣ የዓሣ እንቁላል የሚቆጠረው እንደ ዓሣ ነው ወይስ እንደ እንቁላል?» አሉኝ ዛሬ ጋሼ ተሰማ፣ ማንኪያቸውን አፋቸው ሳያደርሱ።

ስልሳ ዓመት ሞላኝ። ልጄ ሥራ ስለያዛት ከምትኖርበት ከተማ ከቶራንስ መምጣት አልቻለችም፤ በዴሊቨሪ ካቪያር የሚባለውን ውድ የዓሣ እንቁላል ላከችልኝ። አልተቀየምኳትም። ልጅ ሳለች እኔም በስንቱ ልደቷ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ብቻዬን አልከፍተውም ብዬ እዚሁ ፌርፋክስ ሰፈር ያሉትን ጎረቤቶቼን ጋሼ ተሰማንና እትዬ አስካለን ጠራሁ። ሁለቱም በጾም ዓሣ ስለሚበሉ ዓርብ መሆኑ አላሳሰበኝም።

ብረት ጣዕሙን ያበላሻል የሚል አንብቤ ስለነበር የፕላስቲክ ማንኪያ አቀረብኩ። (ከሬስቶራንት ምግብ ጋር የሚመጡትን ነው። ጥዬ አላውቅም።)

«እንቁላል እንቁላል ነው!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ዶሮ አይደለችም እኮ የጣለችው!»

«ማንም ይጣለው! ከበሉ ለንስሐ አባትዎ እናገራለሁ።»

ሦስታችንም ሳቅን። ማንኪያዎቹ ግን ተመልሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ሻይ ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ፤ ካቪያሩ ሳይነካ ቀረ።

ወዲያው ልጄ ደወለች። «ማሚ፣ ወደዳችሁት?»

«ተሻምተን ጨረስነው» አልኳት። ደስ ሲላት ድምጿ ያስታውቃል።

ይህን እዚህ በድፍረት የምጽፈው አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው። እሱንም ያላስተማርኳት እኔ ነኝ።

እናንተስ፣ ብቻችሁን መብላት ያቃታችሁ ነገር ተልኮላችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁት? ነገ ቅዳሜ ነው፣ ጾም የለም። በዚህ ሰፈር የምታልፉ ካላችሁ በሬን አንኳኩ፤ እቤት ነኝ።