የሚያበሩት የሜርሲያ በሮች

አምብሮዝ ትሬጌላስ ወደ ንጉሡ ባሕር ኃይል የገባው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። አባቱ የኮርንዎል ቄስ ነበሩ፤ ልጅ የበዛባቸው፣ ደብራቸው ደግሞ ድሃ የሆነባቸው፤ ስለዚህ አንዱን ለባሕር ሰጥተው ተገላገሉ። ልጁ መርከብ ላይ አደገ፣ መርከብ ላይ ተገረፈ፣ መርከብ ላይ ሰው ሆነ። ወደ አርባው ሲጠጋ ኮማንደር፣ ማለትም የካፒቴኑ ምክትል ነበር። እዚያ ላይ ደርሶ ቆመ።

በዚያ ዘመን ካፒቴን ሳይሾም ዕድሜው የገፋ ኮማንደር በግማሽ ደመወዝ ወደ ቤቱ ይሸኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ጽጌረዳ መኮትኮትና የጓደኞችን ሹመት ጋዜጣ ላይ ማንበብ ነው። አምብሮዝ ይህን ከሞት አብልጦ ይፈራው ነበር። ለሹመት የሚያበቃው ደግሞ ተኩስ እንዳይመስላችሁ። ተኩስ ጭስ አለው፤ ጭስ ቀለም ያበላሻል። አድሚራሎቹ ለጉብኝት ሲመጡ ነጭ ጓንታቸውን እዚህም እዚያም ያሻሹታል፤ ጓንቱ እንደነጣ ከተመለሰ ኮማንደሩ ሰው ነው፣ ከጠቆረ አለቀለት። መንግሥት የሚሰጠው ቀለም ስለማይበቃ ኮማንደሮቹ ከኪሳቸው ይገዛሉ። የአምብሮዝ ሚስት ሄስተር ከአክስቷ የወረሰችው ጥሪትም የሄደው የሜርሲያን ጎን ለማስቀባት ነው። እሷም አላጉረመረመችም። ካፒቴንነቱን ከባሏ ባልተናነሰ ትመኘው ነበር።

ሜርሲያ የጦር መርከብ ነበረች። ሆዷ ውስጥ ከክፍል ክፍል የሚለዩ ከባድ የብረት በሮች ነበሯት፤ መርከቢቱ ብትበሳ እነሱ ሲዘጉ ውሃው እዚያው በገባበት ክፍል ይቀራል። ሌላው ኮማንደር እንደነገሩ ቀብቶ ይተዋቸዋል። አምብሮዝ ግን እንደ መስታወት ካላበሩ አለ። መርከበኞቹ በየማለዳው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጓቸው ጀመር። እየተራገሙ ፈተጓቸው፤ ከዓመት ዓመት ፈተጓቸው። ከሩቅ ወደብ ሳይቀር በሮቹን ለማየት የሚመጣ መኮንን ነበር። ላይ ላዩን ያማረ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ብረትም ቢሆን ያልቃል። ከመጨረሻው ጉብኝት በፊት አምብሮዝ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ አንዱን በር ዘጋ። ከበሩ ወዲያ የተሰቀለው ፋኖስ ብርሃን በጠርዙ በኩል እንደ ክር ቀጥኖ ገባ። ሁለተኛውን ዘጋ፤ እዚያም ገባ። እጁን በጠርዙ ላይ ሲያሳልፍ ነፋስ ተሰማው። ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ገባው። ተናግሮ ማስቀየር ይችል ነበር፤ ነገር ግን መርከቢቱ ለጥገና ትቆማለች፣ ጉብኝቱ ይቀራል፣ በሮቹን ማን ጨረሳቸው ይባላል። ከተሾምኩ በኋላ እናገራለሁ ብሎ ራሱን አባብሎ ወጣ። አድሚራሉ በጉብኝቱ ተደሰቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ሹመቱ መጣ።

የሜርሲያን ኮማንደርነት ከእሱ የተረከበው የሄስተር ታናሽ ወንድም ክሌመንት ነበር። ሳቂታ ነው፣ ሰው ይወደዋል፣ ዝንጉነቱ ግን ለጉድ ነው፤ ኮፍያውን ያልረሳበት ቤት በወደብ ከተማቸው በዴቨንፖርት ውስጥ አልነበረም። በርክክቡ ዋዜማ አምብሮዝ ቤት የበግ ጥብስ ቀርቦ ለሹመቱ ወይን ተጠጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ነው የሠራኸኝ» አለ ክሌመንት። «እነዚያን በሮች እንዲያ አብርተህ ትተህልኛል። ትንሽ ቢደበዝዙብኝ ሰነፉ አማቹ አበላሻቸው ልባል ነው።»

አምብሮዝ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ሄስተር እጅጌው ላይ ያለውን አዲስ የወርቅ ጥልፍ እየዳበሰች ትስቅ ነበር። አፉን በወይን መልሶ ዘጋው። ነገ እነግረዋለሁ አለ በሆዱ፤ ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ክሌመንትም እንዳይታማ ብሎ በሮቹን ማስፈተጉን ቀጠለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በመጀመሪያው ክረምት ሜርሲያን ሰሜን ባሕር ላይ ፈንጂ መታት። ቀዳዳው ያን ያህል አልነበረም፤ ሌሎች መርከቦች ከዚያ የባሰ ቆስለው ወደብ ገብተዋል። እሷ ግን ጀልባ እንኳ ሳታወርድ ተገልብጣ ሰጠመች። የተረፉት ጥቂት ነበሩ። ክሌመንት ከእነሱ መሃል የለም።

አምብሮዝ ሆስፒታል ሄዶ ከተረፉት አንዱን፣ ሆብደይ የሚባል ከሰል ቆስቋሽ አገኘ። ኮማንደሩ በመጨረሻ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቀው።

«በር ይዘጉ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ሆብደይ። «እየሮጡ፣ አንድ ሳያስቀሩ ዘጉ። ተረፍን ብለን ተቃቀፍን። ከዚያ ውሃው በተዘጋው በር ጠርዝ ጠርዝ ይገባ ጀመር። እኔን ወደ ላይ ሲልኩኝ፣ እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ስንጥቁን ይወትፉ ነበር።»

አምብሮዝ ከዚያ በቀጥታ አድሚራሉ ዘንድ ገብቶ ሁሉን ተናዘዘ። ክሰሱኝ አላቸው።

«በር ያላስፈተገ ማን አለና?» አሉት አድሚራሉ። «አንተ ከተከሰስክ ሊፈርድብህ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይመጣል? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

እሱን የሚቀጣ እንኳ ጠፋ። ይህ ደግሞ ባሰበት።

ቤቱ ሲገባ ሄስተር ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። መርዶው ከመጣ ጀምሮ አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትዋሸኝ» አለችው። «ክሌመንት በር ከፍቶ መሄድ ልማዱ ነበር። እናታችን በዚህ ነገር ስትጮህበት ነው ያደገው። በሮቹን ረስቶ ነው ወይ ያን ሁሉ ሰው ያስጨረሰው? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

«አልረሳም። ሁሉንም ዘግቷል።»

ሄስተር ያን ጊዜ አለቀሰች። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«ታዲያ ውሃው በየት ገባ?»

አምብሮዝ ነገራት። የብርጭቆ ወረቀቱን፣ የፋኖሱን ብርሃን፣ ሁሉን ነገራት።

«ያን ዕለት እዚህ ተቀምጦ እየበላ፣ ሲቀልድብህ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሄስተር አልጮኸችም፣ ቤቱንም ጥላ አልሄደችም። እስኪሞት ድረስ አብራው ኖረች፤ ምሳውን አቀረበች፣ ሲያመው አስታመመች። በስሙ ግን ዳግመኛ ጠርታው አታውቅም። ሰው ፊትም ሆነ ብቻቸውን ሲሆኑ «ካፒቴን» ነበር የምትለው።