በገዛ ሆቴላችን የተለማመድነው ዕረፍት

ባሌ ለዕረፍት ወጥተን እንደምናውቅ ሽንጡን ገትሮ ይከራከረኝ ነበር።

«በታኅሣሡ ጊዜ ሄደን የለም እንዴ?»

«ያ እኮ ሽሽት ነው!»

«በአውሮፕላን ነው የሄድነው። ስንት ቀን ሙሉ ሥራ አልነካንም። ዕረፍት ለመባል ምን ቀረው?»

ዕረፍት የሚለው ጁባ ላይ ተኩስ የተነሣ ጊዜ፣ ቡሉክ ሰፈር ያለችውን ትንሽ ሆቴላችንን ቆልፈን፣ እኔ በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ በሌላው ስኒከር አድርጌ አዲስ አበባ የገባሁበትን ጉዞ ነው። ስንመለስ በሮቹ ነበሩ፣ ፍራሾቹ ግን አልነበሩም። እነሱን መልሰን እስክናሟላ ድረስ ስለ ዕረፍት ያነሣ አልነበረም።

በ2015 ትንሽ ቀና ስንል እኔው አነሣሁት። «ባሕር ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። «ዛንዚባር። ማንም ቁልፍ የማይጠይቀኝ ቦታ።»

ይቃወመኛል ብዬ ነበር፤ ወዲያው ተስማማ። «እኔ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። ሻይ እንኳ ተቀምጦ ጨርሶ አያውቅም።

ጎረቤታችን ሐጂ፣ ሩዝና ስኳር በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ፣ ዱባይ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና ምክር ልንጠይቃቸው ሄድን።

«ተጓዥ ሦስት ዓይነት ነው» አሉን። «አንዱ ለማየት ይሄዳል፣ አንዱ ለመብላት፣ አንዱ ለመተኛት። ዓይነታችሁን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ተኳርፋችሁ ነው የምትመለሱት።»

«እንዴት እንወቀው?» አለ ባሌ።

«አልጋ ሞልቷችኋል። መጀመሪያ እዚሁ ሞክሩታ! ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ሐጂ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ባሌ ግን በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ቅዳሜና እሑድ እኛ እንግዶች እንደሆንን፣ ባለቤት የሚባል እንደሌለ ነገራቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣ ይዘን ወጣን። ከአየር ማረፊያ የመጣን እንዲመስል በታክሲ እስከ ወንዙ ድልድይ ሄደን ተመለስን። የሪሴፕሽን ሠራተኛችን አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል፣ ቀልድ ግን ፊቷ ላይ አይበቅልም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ፓስፖርት?»

«ክፍል አስይዘን ነበር» አለ ባሌ።

«በማን ስም?»

ከሆቴሉ መከፈት ጀምሮ አብራው ለሠራች ሴት ስሙን እስከ አያቱ ነገራት። እሷም በጓሮ በኩል ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠችን። ባሌ ያንን ክፍል ለእንግዳ ሲሰጥ «በጣም ጸጥ ያለ ነው» ይል ነበር። እሷም ቃል በቃል እንደዚያው አለችን።

ተኛን። ግድግዳው በጄኔሬተሩ ድምፅ ይርገበገባል። ከአልጋው ላይ ሆኜ ሳየው መጋረጃው በአንድ ጎኑ ተዘንጥሏል፤ ለፎጣ መስቀያ የለም። መርፌ ላመጣ ብድግ ስል ባሌ እጄን ያዘኝ። «ተኚ! እንግዳ ነሽ።»

ቀትር ላይ ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጥሶ ጸጥ አለ። ባሌ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቀረ። ያንን ጄኔሬተር ማስነሣት የሚችል እሱ ብቻ ነው፤ ውስጡ የሆነ ቦታ በመፍቻ ነካ ያደርገዋል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

«ተነሣ እንጂ!» አልኩት።

ስልኩን አንሥቶ ሪሴፕሽን ደወለ። «መብራት ጠፍቷል።» ትንሽ አዳመጠና ዘጋው። «ባለሙያው እየመጣ ነው አለች» አለኝ፣ እፎይ ብሎ።

«ባለሙያው አንተ ነህ!»

«ይሁና፣ እስኪመጣ እንጠብቀዋ።»

ሙቀቱ ሲብስብን ወጥተን ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ከበታች ካለው ክፍል አንድ እንግዳ ፎጣ አገልድሞ፣ ራሱ ላይ ሳሙና እንደ በረዶ ተከምሮ ብቅ አለ። ትናንት ከኡጋንዳ የመጣ የመንገድ መሐንዲስ ነው። የውሃው ፓምፕም አብሮ ቆሞበታል።

«ይህ ቤት ባለቤት የለውም እንዴ?» አለ በእንግሊዝኛ።

«አለው» አለ ባሌ። «ግድ የለሽ ነው እንጂ።»

«ታውቀዋለህ?»

«በደንብ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ሰነፍ ነው።»

እኔ አላስቻለኝም፤ ከወጥ ቤት በጄሪካን ውሃ አምጥቼ ራሱ ላይ አፈሰስኩለት። እንዲህ ያለ ደግ እንግዳ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከታጠበና ከለበሰ በኋላ ግን ቁጣው አልበረደም፤ ሁለታችንንም አስከትሎ ሪሴፕሽን ገባ። ባሌ ከጎኑ ቆሟል።

«ባለቤቱ የት አለ?»

«ለዕረፍት ወጥተዋል» አለች ሠራተኛችን፣ ባሌን ቀጥ ብላ እያየች።

«የት?»

«ባሕር ማዶ።»

«እኛ እዚህ በላብ ስንሟሟ እሱ ባሕር ይዋኛል!» ብሎ መሐንዲሱ ጠረጴዛውን መታ። ባሌም በምሬት ራሱን ነቀነቀ።

መሐንዲሱ «ካላስ፣ በቃ! መፍቻ አምጡልኝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ ወደ ጓሮ ሲያመራ ግን የባሌ ፊት ተለዋወጠ። የጄኔሬተሩን ክዳን እስኪከፍት ድረስ ታገሠው። መፍቻው ወደ ውስጥ ሲገባ ግን «እሱን አትንካ!» ብሎ ዘሎ ነጠቀው። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ጥቂት ከተነታረኩ በኋላ ጄኔሬተሩ ጮኸ።

«አንተ ሰው እዚህ ልትቀጠር ይገባል» አለው መሐንዲሱ፣ ትከሻውን እየመታ።

ባሌ እጁን ታጥቦ ወደ ክፍላችን ገባ። ግድግዳው እየተርገበገበ፣ ከነጫማው እንቅልፍ ወሰደው። እሑድ ረፋዱ ላይ ነው የነቃው። በትዳራችን እንደዚያ ተኝቶ አይቼው አላውቅም፤ እንዲያውም ሁለቴ ትንፋሹን አዳምጫለሁ።

«ዓይነቴን አወቅሁ» አለኝ ሲነሣ። «የመተኛት ዓይነት ነኝ። ግን እዚህ ክፍል ብቻ።»

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ቁልፍ ሊያስረክብ ሲመጣ ሪሴፕሽኑ ላይ ያገኘው ባሌን ነው። ቀና ብሎ አየውና «ቀጠሩህ?» አለው።

«ቀጠሩኝ» አለ ባሌ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዛንዚባር የሄድኩት ከሐጂ ባለቤት ጋር ነው፤ የመብላት ዓይነት ናቸው፣ ተስማምተን ከረምን። ባሌ ያን ሳምንት ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ይዞ አረፈ። ስደውልለት «ቁርስ ዘገየብኝ» እያለ ያማርራል።

እኔ እዚያም ጠዋት ጠዋት አልጋዬን አንጥፌ፣ መታጠቢያውን ወልውዬ ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ክፍል የምታጸዳው ሴት በር ላይ ጠበቀችኝና፣ ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው ወይ ብላ በምልክትና በእንግሊዝኛ ለመነችኝ። የመጨረሻው ቀን አንሶላውን እንደተተራመሰ ትቼው ወጣሁ። የሐጂ ባለቤት የተጠበሰ ዓሣቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ትንሽ አፈርኩ፤ ከዚያ ግን ዓሣው ጣፈጠኝ።