ለሙዜ ያልሰጠሁት ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሰላም ደወለችልኝ። ቤት ልትቀይር ነው። «አንቺ ካምፓላን ዕቃሽን ይዘሽ ዞረሻታል፤ ለተሸካሚዎቹ ጉርሻ ስንት ይሰጣል?» አለችኝ። ሙዜ ትዝ አሉኝ።

ትምህርት በጨረስኩበት ዓመት ነው። እኔና እማዬ ከናሙዎንጎ ወደ ካባላጋላ የተዛወርነው ዝናቡ ገና ሳይለቅ ነበር። ጭንቃችን ፍሪጁ ነው። እማዬ እርጎ የምትሸጠው በእሱ ነው፤ ኪራዩም ቀለባችንም ከዚያው ይወጣል። ከቤታችን እስከ መኪናው ያለው መንገድ ደግሞ በፍሳሽ ቦይ ዳር የሚሄድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጭቃ።

ሦስት ሰው ቀጠርን፤ ሁለት ጎረምሶችና ሁሉም «ሙዜ» የሚሏቸው አንድ ሽበታም ሽማግሌ። ጎረምሶቹ ይሸከማሉ። ሙዜ ገመድ ያስራሉ፣ በጣታቸው ይጠቁማሉ፣ «ምፖላ፣ ምፖላ» ይላሉ፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር አልወድም።

«ለማውራት ነው የከፈልናቸው?» አልኳት እማዬን።

«ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

ዕቃ እንዳይጠፋ ብዬ መኪናው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ሮሌክስ፣ በእንቁላል የተጠቀለለ ትኩስ ቻፓቲ፣ እየበላሁ ሳለ ፍሪጁ መጣ። ደህና ነው። ጎረምሶቹ በላብ ተጠምቀዋል፤ ሙዜ ከኋላ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። እኔ ያየሁት እጃቸውን ብቻ ነበር።

ካባላጋላ ስንደርስ እማዬ አልመጣችም ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ቀስ ብላ ትከተለናለች። ዕቃው ወርዶ ሲያልቅ አስቀድማ የሰጠችኝን ጉርሻ ለሁለት ከፍዬ ለጎረምሶቹ አስያዝኳቸው፣ ሙዜ ፊት።

«እሳቸው ምንም አልተሸከሙም» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ እንዲሰሙኝ።

ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ዴኒስ የሚባለው፣ የተሰጠውን ወደ ሙዜ ዘረጋ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷ ለእናንተ ነው የሰጠችው» አሉና ገመዳቸውን መጠቅለል ያዙ።

ይሄኔ እማዬ ደረሰች። ገና ከቦዳው ሳትወርድ «ለሙዜ ሰጠሻቸው?» አለች።

«ለምኑ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም? ሱሪያቸውን አላየሽም?»

አየሁ። እስከ ጉልበታቸው ጥቁር የቦይ ጭቃ ነው። ለካ ዴኒስን አንሸራቶት ፍሪጁ ሲያዘነብል፣ ሙዜ ቦዩ ውስጥ ዘለው ገብተው ከሥር በትከሻቸው ደግፈው ነው ያወጡት። እማዬ ከኋላ ሆና አይታለች። እኔ ሮሌክሴን እበላ ነበር።

ከቦርሳዋ ገንዘብ ተቀብዬ ሮጥኩ። ሙዜ መኪናው ጫፍ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል።

«ሙዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ የእርስዎ ነው።»

እጃቸውን አልዘረጉም። «ሴንቴው ይቆይ» አሉ፤ ገንዘቡን ማለታቸው ነው። «ውሃ አለሽ?»

በጄሪካን አመጣሁላቸው። ጫማቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸውን ቆርቆሮ ቆርጧቸው ደሙ ከጭቃው ጋር ደርቋል። ጎንበስ ብዬ አፈሰስኩ፤ እሳቸው ቀስ ብለው አሹት። እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ አላውቅም። ሲጨርሱ እጃቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ገንዘቡን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ፍሪጁን ቶሎ አትሰኩት» አሉ፣ «መንገድ አድክሞታል፣ ይረፍ።»

ወደ ማምሻው ሰካነው። ማጉረምረም ሲጀምር እማዬ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ለሰላም «ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም» አልኳት። «ብቻ መኪና ላይ አትቀመጪ። ከኋላቸው ሂጂ። ውሃ ደግሞ ቅጂ።»

«ውሃ ለምን?»

«እግራቸውን የሚታጠቡበት።»

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።