የተቆረጡት ስምንት መስመሮች

ፈትለወርቅ ፈረንሳይኛ የለመደችው ከአባቷ ነው። አባቷ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሲያባብሏት በአማርኛ፣ ሲቆጧት በፈረንሳይኛ ነበር። ዴንቨር መጥታ መሀል ከተማ ካለ ሆቴል ላውንድሪ ስትቀጠር ግን ፈረንሳይኛዋን የሚፈልግ አልገጠማትም። ባሏ ሞቶ ልጇን ሔቨንን ብቻዋን ስታሳድግ፣ ሐሳቧ ሁሉ ሺፍቷና የልጇ ትምህርት ቤት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፓርክ ሂል ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አይታ መኪናዋን ፓርክ አደረገች። የወረደችው ለሔቨን ብስክሌት ፍለጋ ነው፤ ይዛ የተመለሰችው ግን ጀርባው የተላጠ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነበር። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የኖረች አንዲት ፈረንሳዊት በግጥም የጻፈቻቸው ከመቶ በላይ የእንስሳት ተረቶች ናቸው፤ በግራው ገጽ የጥንቱ ቋንቋ፣ በቀኙ የዛሬው። ስለ ሴትዮዋ ኑሮ የሚታወቀው ጥቂት ነው። ከፈረንሳይ ወጥታ እንግሊዝ አገር ሳትኖር እንዳልቀረች መግቢያው ይናገራል። ባል ነበራት? ወልዳ ነበር? የሚያውቅ የለም። መጽሐፏን ስትጨርስ ግን በመጨረሻዎቹ ስምንት መስመሮች ስሟንና አገሯን ጽፋለች። ምክንያቷንም አልደበቀችም፤ የዘመኑ የተማሩ ወንዶች ልፋቷን የራሳቸው እንዳያደርጉት ሰግታ ነው።

ፈትለወርቅ እዚያ ስትደርስ፣ ይቺ ሴት ሰው ታውቃለች ብላ ብቻዋን ሣቀች።

ሰኞ ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ የመጀመሪያውን ተረት በደብተር ወደ አማርኛ መለሰችው። ቤት እየመታ ሲመጣላት ራሷም ደነገጠች። በዚያው ጀምራ አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። አብራት አንሶላ የምታጥፈው ጌጥነሽ ምሳዋን እየበላች ታዳምጣት ነበር። ቀበሮዋ እንዲህ ለስላሳ አትናገርም፣ ነገረኛ አድርጊያት ትላታለች፤ ፈትለወርቅም ታርማለች።

ሥራው ሲያልቅ የሚያርምላት ሰው ፈለገች። ጋሽ ምናሉ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅት ያላቸው፣ በየበዓሉ መድረክ ላይ የሚናገሩ፣ አማርኛቸው የተመሰገነ ሰው ነበሩ። ከደብተሮቿ በኮምፒውተር የተየበችውን ሁሉ ወሰደችላቸው። አንድ ዓመት ያዙት። በጠየቀቻቸው ቁጥር ትንሽ ይቀረዋል አሏት፤ ትልቅ ሰው አይጣደፍም ብላ ጠበቀች።

በመጨረሻ የመጽሐፍ ምረቃ ጥሪ ደረሳት። ሊያስደንቁኝ ነው ብላ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሔቨንን ይዛ ሄደች። በር ላይ መጽሐፉን ሰጧት። ሽፋኑ ላይ ተርጓሚው ምናሉ ነው ይላል። ገልጣ ስታይ፣ ጽሑፉን በመተየብ ለተባበሩን እህታችን ፈትለወርቅ ምስጋና ቀርቧል። ቆማ የመጨረሻውን ገጽ ፈለገች። ስምንቱ መስመሮች የሉም።

መስመሮቹ ባይቆረጡ ኖሮ፣ ሰውዬው ምን እንደያዘ አላወቀም ብላ ልትጽናና ትችል ነበር። አሁን ግን አንብቧል፤ ገብቶታል፤ ቆርጦታል።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ተነሣች።

«ምናሉ፣ የመጨረሻዎቹን ስምንት መስመሮች የት አደረግሃቸው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ያጉረመረመው ስለ መስመሮቹ አልነበረም፤ ትልቁን ሰው አንተ ስላለች ነው። ምናሉ ፈገግ ብሎ እህታችን በመተየቡ ብዙ ደክማለች አለ፤ መስመሮቹን ለአንባቢ አይጠቅሙም ብሎ እንደተዋቸው አስረዳ። ሰዉ አጨበጨበለት።

ፈትለወርቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደተቀመጠችው ጌጥነሽ ዞረች።

«ጌጤ፣ ማን እንደተረጎመው አንቺ ንገሪያቸው።»

ጌጥነሽ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋች። «እኔ ስለ መጽሐፍ ምን አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል።

ፈትለወርቅ ከዚያ አዳራሽ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። መኪናውን የነዳችው ሔቨን ናት።

በማግስቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጌጥነሽ ቀድማ ቆማ ጠበቀቻት። ልጇ የሚሠራው ጋሽ ምናሉ ድርጅት ውስጥ መሆኑን፣ ከወጣ ሌላ ሥራ እንደማያገኝ እያለቀሰች ነገረቻት። ፈትለወርቅ ጫማዋን አስራ ጨረሰች።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ አልጠይቅሽም ነበር» አለቻት። በዚያው ሳምንት ሺፍት ቀየረች።

ሔቨን ትርጉሙ የእናቷ መሆኑን ጽፋ የደብተሮቹን ፎቶ ፖስት አደረገች። ያመኑ ነበሩ፤ ቅናት ነው ያሉም ነበሩ፤ ወር ሳይሞላ ሁሉም ረሳው። ምናሉ ሽማግሌ ላከ። በሁለተኛው ዕትም ስሟ ከስሙ ሥር፣ በትብብር ተብሎ ይግባ አሉ። ስምንቱ መስመሮች ይመለሳሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ስለ የትኞቹ መስመሮች እንደምትናገር አያውቁም ነበር። ለሰላም ሲባል እሺ በይ ቢሏት አክብራ ሸኘቻቸው እንጂ እሺ አላለችም። ሁለተኛው ዕትም ወጣ። ለእሷ የነበረው ምስጋናም ከውስጡ ተሰርዞ ነበር።

አንድ ዓመት ብዕር አልያዘችም። ከዚያ የዚያችኑ ሴት ሌላ መጽሐፍ፣ የፍቅር ታሪኮቿን፣ አገኘችና ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ሔቨን ከኋላዋ መጣች። አማርኛ ማንበብ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው የተማረችው፤ በዚህም ትኮራለች።

«ማሚ፣ ኒው ቡክ ነው? ላንብበው?»

ፈትለወርቅ ሳታስበው ደብተሩን ዘጋችው። መዝጋት ብቻ አይደለም፣ መዳፏን አሳረፈችበት። ሔቨን መዳፉን አየች፤ ቀጥላ የእናቷን ፊት።

«ኦኬ» አለች ቀስ ብላ፤ ወደ ክፍሏም ሄደች።

ፈትለወርቅ ልትጠራት ፈለገች። አፏን ከፈተች፤ ግን እጇን ከደብተሩ ላይ ማንሣት አቃታት።