የግፊት ክኒንና የአጎቴ ትንፋሽ

«ማን ንገር አለህ?» አለችኝ እህቴ ሕያት። የአጋሮው ሚኒባስ ገና ከጂማ መናኸሪያ አልወጣም።

«ኮርቼብሽ ነዋ!»

«ግማሹን ብቻ አይተህ!»

ወያላው ሳቀ። «ዶክተር፣ ይሄን ልጅ ላውርድልሽ?»

እውነቷን ነው። እህቴ ጂማ የመድኃኒት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ሙከራዋን አሳየችኝ። ከቄራ የተቀበለችውን የፍየል አየር ቧንቧ እንደ ቀለበት ቆርጣ፣ ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሰቀለችው። ፖታሲየም ስትጨምር ጡንቻው ተኮማተረ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ወጣ። ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበትን መተላለፊያ የሚዘጋ የደም ግፊት መድኃኒት ስታክልበት ጡንቻው ላላ፤ መስመሩ ቁልቁል ወረደ። እኔ ግጥም እጽፋለሁና ስንኝ እየመጣልኝ፣ ሙከራዋ ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ። አጋሮ ላሉት አጎታችን፣ ለአባ ተማም ደወልኩ፦ «ሕያት የአስም መድኃኒት አገኘች!»

አባ ተማም ዕድሜያቸውን ሙሉ የቡና ቅርፊት በሚለይበት መቀሸሪያ ውስጥ ስለሠሩ ደረታቸውን አቧራ ጎድቶታል፤ አስም አለባቸው። ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸው ደወሉልን። አባ ተማም የሚሳበውን ፓፍ ጥለው የባለቤታቸውን የግፊት ክኒን እየዋጡ ነው። ሕያት በስልክ ይተዉት፣ ስህተት ነው ብትላቸው፣ «ትሕትናሽን እወደዋለሁ» ብለው ዘጉባት። ስለዚህ ተሳፈርን።

ይቡ፣ መንገድ ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት

የቀላ ቡና በየደጁ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ለሕያት ሙዝ ገዛሁላት፤ አልበላችም። ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ወረቀት ደጋግማ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

አጋሮ

አባ ተማም ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲተነፍሱ የደረታቸው ፉጨት ከበር ይሰማል።

«ዶክተሯ... መጣች! ማሻአላህ!»

«ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ፓፉ የት አለ?»

«ያንቺ ክኒን... እያለ?»

«የእኔ አይደለም። ኬላው ሲዘጋ የቡና መኪና ከተማ አይገባም አይደል? መጋዘኑ ሙሉ ከሆነስ?»

«ገበያው... ይቀጥላላ።»

«የአየር ቧንቧም እንደዚያው ነው፤ ቡናው ካልሲየም ነው።» ወረቀቱን ዘረጋችው፤ ሁለት መስመር አለበት። «እዚህ በፖታሲየም ሲኮማተር ካልሲየሙ በኬላ ስለሚገባ ክኒኑ አገደው። እዚህ ግን ሰውነት ራሱ በሚልከው መልእክት አኮማተርኩት። ጡንቻው ውስጡ ያከማቸውን ካልሲየም አወጣ። ኬላው ተዘግቶም ብዙ አልላላም። የእርስዎ አስም ከዚህኛው ነው የሚቀርበው። ወንድሜ ይህን ሳያይ ነው የወጣው።»

አባ ተማም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት መሬት አየሁ።

«ለመቀሸሪያው ሰዎች ሁሉ... አውርቼልሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ስሜ ከሚነሳ እርስዎ ቢተነፍሱ ይሻለኛል።»

አባ ተማም እጃቸውን ዘረጉ፤ ባለቤታቸው ፓፉን አቀበሏቸው። ሁለት ጊዜ ሳቡ። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ሕያት ሰዓቷን ይዛ ትንፋሻቸውን ትቆጥር ነበር። እኔ ስለ እሷ የጻፍኳቸው ስንኞች ሁሉ ስለ ማግኘት ነበሩ። ይህን ያህል መንገድ መጥታ አላገኘሁም ማለቷ ግን ከሁሉም በላይ አኮራኝ።

አባ ተማም ተነስተው ኮፍያቸውን አደረጉ።

«ወዴት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«መቀሸሪያ። እዚያ የሚሠሩ የሁለት ሰዎች ደረት እንደ እኔው ነው፤ ክኒን ሳይገዙ ልድረስባቸው። ልጄ ያላገኘችውን አገኘሁ የማትል ናት እላቸዋለሁ። ይሄም ወሬ ነው!»

ልከተላቸው ብድግ አልኩ።

«አንተ እዚሁ ቁጭ በል» አሉኝ፤ «የዛሬውን እኔ ራሴ አወራለሁ።»

ወጡ። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።