ባቡር ያልደረሰባት ጣቢያ

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም፤ ጤፉ ማሽተት የጀመረበት ሰሞን መሆኑን ግን አልረሳም። በሦስት እግር የሚቆም መነጽር የያዙ ሰዎች ከደብረ ታቦር በመኪና መጡ። ቀይ ቀለም የተቀባች ችካል ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ፣ በጎረቤቴ ማሳ ላይ ተከሉ። የባቡር ጣቢያ ሊሠራ ነው፤ ችካሏ ያረፈችበት ማሳ ለጣቢያው ይሄዳል አሉን። ከመንገዱ ዳር ለዘበኛ የምትሆን የቆርቆሮ ቤት አቁመው ሄዱ። ዓይነ ውሃቸው አላማረኝም።

አንድ ቀን ጧት ወደ ማሳዬ ብወርድ፣ ችካሏ ከድንጋዩ ወዲህ፣ በእኔ ጤፍ መካከል ቆማለች።

ከጎረቤቴ ሌላ ማንን ልጠርጥር? ነቅዬ እንዳልመልሳት ደግሞ ድንበር የነካ ርጉም ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ሰውዬውን አድብቼ መከታተል ያዝኩ። እንዴት አደርክ ሲለኝ፣ ማሳህ አለች ወይ ያለኝ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ ንስሐ ይሆን እያልኩ አያለሁ። እሱም ፊቴን አይቶ ራቀኝ።

ጤፉ ደረሰ። ሁልጊዜ በወንፈል አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን ነበር የምናጭደው። ያን ዓመት አልጠራሁትም። በጉና በኩል ያለ ወቅቱ ደመና ሲከመር፣ በዚህ ጉልበቴ ብቻዬን ማጭድ ይዤ ወረድኩ። ዝናቡ ቢቀድመኝ የዓመት እንጀራችን መሬት ላይ መቅረቱ ነው።

ሚስቱ ውሃ ቀድታ ስታልፍ አየችኝና ቆመች። ወንፈሉ ምን ሆነ አለችኝ። በአገጬ ችካሏን አሳየኋት። እንስራዋን አወረደች።

«አንቱ፣ ለዚች ነው? የነቀልኳት እኔ ነኝ። ጥጃው ላሚቱን እየጠባ ቢያስቸግረኝ አሰርኩባት። ስመልሳት ቦታዋ ጠፋኝ።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ማን ይነግረዋል? ባቡሩ ሲመጣ እኔን ይጠይቀኝ።»

ከዚያ ሄዳ ባሏን ይዛው መጣች። እሱም ጎንበስ ብሎ ከዳር ማጨድ ጀመረ። ዝናቡ ሲጥል ነዶው ተከምሮ ነበር።

ባቡሩ እስከ ዛሬ አልመጣም። በቆርቆሮዋ ቤት ፍየል ያርፍባታል። ከአንበሳሜ ገበያ የሚመለስ ሰው ግን አሁንም ሾፌሩን «ባቡር ጣቢያ አውርደኝ» ይለዋል። እኔም እዚያው ስወርድ ያቺን ችካል አስባለሁ። ያን መኸር ያሻገረችኝ ግን የጎረቤቴ ሚስት ናት።