የጫግኒው ቅጂ

ያኔ በአካባቢያችን አንድ የባህል ባንድ በየሠርጉ ሲጫወት የተቀዳውን በስልኬ ሜሞሪ አጠራቅም ነበር። ያው ዘፈን አዳራሹ ሲለወጥ ይለወጣል፤ ያንን እወድ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምሰማው የእንጅባራውን ነበር፤ እዚያ ውስጥ የኔም ድምፅ አለ። ማሲንቆ መቺው አጠገባችን ሲደርስ፣ ሰው ፊት የማልናገረው ሴት «ተቀበል» አልኩትና ግጥም ሰጠሁት፦

የቆሰበር ጉሙ ሰው ቢሰውርብኝ፣
ድምፅህን ሰምቼ መንገዱ ጠራልኝ።

ቆሰበር ያው እንጅባራ ነው። ተቀብሎ ደጋግሞ ዘፈነው። ትምህርት የጀመርኩት በትልቅነቴ ነው፤ የራሴ የምለው ግጥም ያ ብቻ ነበር።

በኋላ ሙዚቃ የሚጭንልኝ ባለሱቅ ያው ባንድ የተጫወተበትን የጫግኒ ሠርግ ቅጂ ሰጠኝ። እዚያ አንዲት ሴት «ተቀበል» ብላ ያንኑ ግጥም ቃል በቃል ትሰጠዋለች።

«ይሄ ከእንጅባራው በኋላ ነው አይደል?» አልኩት።

«ኧረ በፊት ነው። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ እኔው ነኝ የቀዳሁት።»

እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ጫግኒን ረግጬ አላውቅም፤ ከዚያ ሰምቼው ሊሆን አይችልም። ማሲንቆ መቺውን ዳንግላ ሳገኘው ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የኔ እህት፣ የሰጡኝን ነው የምዘፍን። ሰጪ ሲጠፋ ግን አንዷን ጠጋ ብዬ ሹክ እላታለሁ።»

«ለኔስ ሹክ ብለኸኛል?»

ሳቀ። «አንቺ ያላወቅሽውን እኔ በምን ልወቀው?»

ቤቴ ገብቼ የእንጅባራውን ደጋግሜ ሰማሁት። «ተቀበል» ከማለቴ በፊት ሠርገኛው ያጨበጭባል፤ ሹክታ ቢኖርም እንኳ ጭብጨባው ውጦታል።